የሞንትሮይ ግድግዳ በሬክስዴል

«ቀስ በል እንጂ ተክሌ! የጫንከው ሽማግሌ ነው፤ ድንች አይደለም!» አሉኝ ሻምበል ሰብስቤ።

የቶሮንቶው አራት መቶ አንድ ሃይዌይ ላይ ነን። ነፋሱ ካፕሪስ ታክሲዬን ወዲያና ወዲህ ይገፋታል። ይኸው ስንት ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው፣ ከኖርዝ ዮርክ ሬክስዴል ድረስ እንዴት እንደሚኬድ ከሻምበል ልማር? ፊት ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው ቁጭ ብለዋል። ወገቤ ላይ ያለው የጥሪ መሣሪያ፣ ፔጀሬ፣ በጮኸ ቁጥር «ይኼን ነገር ዝም አሰኘው፤ ልጅ ልንጠይቅ በደወል አይኬድም» ይሉኛል። ጦሩ ከተበተነ ዓመታት አልፈዋል፤ እሳቸው ግን ዳውንታውን የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ተቀምጠውም ሻምበል ናቸው። ማንም ደፍሮ አቶ አላላቸውም፤ እኔም አልልም።

ዕለቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ ሜይ ሲገባ። ሁዳዴን ሙሉ ታፍኖ የከረመው የሠርግ ወሬ ሁሉ ፋሲካ ሲያልፍ ይፈነዳል፤ ሽማግሌ ይጠፋል። እኔ አንድ ሽበት የሌለኝ ሰውዬ ሽማግሌ የሆንኩትም ለዚህ ነው። ሦስተኛ ሰው ይሆናሉ የተባሉት አባት ሺፍት ገቡ፤ ሻምበልም ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ «ምን ይደረጋል፣ መኪና አለህ» አሉ።

ከኋላ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ወንድም በርናባስ ነው፤ የወንጌል አማኝ፣ ኢቶቢኮ ዌርሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር፣ በአፉም በልቡም ቁጥብ ሰው። ሌላው ኢሳያስ ነው፤ የሟች እህቴ ልጅ፣ ከካርቱም ያስመጣሁት፣ እንደ ልጄ የማየው። የምንሄደው ለሱ ነው። ሆሣዕና ዓለማየሁን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። «አባቴ ሳይመርቀኝ ግን አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

ችግሩ አባትየው ናቸው። ግራዝማች ዓለማየሁ በሐምሌ ልጃቸውን ይዘው ወደ ፈረንሳይ አገር ሊመለሱ ነው፤ ሞንትሮይ ወደምትባል፣ ከፓሪስ ጋር ተለጥፋ ወዳለች ከተማ። ዛሬ እሺ ካላሉ ልጅቷ ሄደች ማለት ነው። ከእኛ በፊት ሌሎች ወንዶች ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ነበር። የመጀመሪያውን ግራዝማች መለሱት። ሁለተኛው ደግሞ በገዛ እግሩ ተመለሰ፤ ጓሮ ያለውን ዛፍ አይቶ።

ዛፉን ያልሰማ ሐበሻ ቶሮንቶ ውስጥ የለም። ግራዝማች ከጓሯቸው ግድግዳ ላይ አንድ ዛፍ ቸንክረዋል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የጨርቅ ብጣሽ፣ በየብጣሹ ላይ ሚስማር። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ አረንጓዴው፣ እንዲያውም ጥለት ያለው ሁሉ አለበት። ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ውቃቢ ነው። ሚስማር ከታከለበትማ ድግምት ነው። ለሳቸው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ ቤታቸው ግን የሚገባ የለም።

ኢሳያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ ተክሌ፣ ዛሬ ጠዋት እነ ሆሣዕና ጋ ሄጄ ነበር።»

«ምን ልትሠራ? ሽማግሌ በሚገባበት ቀን?»

«ገና ሳይነጋጋ ነው። በጓሮ በኩል ገብቼ… ያንን ነገር ነቃቀልኩት። ጨርቁን በሙሉ።»

ሻምበል በከዘራቸው የመኪናውን ወለል መቱ።

«አበጀህ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!»

በርናባስ አቀፈው። «ጌታ ይባርክህ። ያንን እያየሁ ደጃፋቸውን አልረግጥም ብዬህ ነበር፤ ሸክሜን አቀለልክልኝ። የት ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። በጋርቤጅ ባግ ጠቅልዬ ጋሼ ተክሌ ትራንክ ውስጥ አድርጌዋለሁ።»

«የኔ መኪና ውስጥ?!» መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝ። «ውቃቢውን በጀርባዬ ጭነህ ነው ከኖርዝ ዮርክ የምታስነዳኝ?»

ሻምበል አማተቡ። «ዝም ብለህ ንዳ። ሽምግልናው ሲያልቅ ይቃጠላል።» በርናባስም ማቃጠሉ ትክክል ነው አለ፤ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። እኔም ከንዴቴ በታች ደስ ብሎኝ ነበር። ጎበዝ የእህቴ ልጅ፣ አልኩ በልቤ፤ ኮራሁበት።

ኪፕሊንግ ጎዳና ስንደርስ ኢሳያስን አንድ ዶናት ቤት አወረድነው። ሽማግሌ በገባበት ሙሽራ አይገባም። «ጸልይ» አለው በርናባስ። «ቡና ጠጣና ተረጋጋ» አልኩት እኔ።

በሩን ሆሣዕና ከፈተችልን። ነጠላዋን አስተካክላ ዝቅ ብላ ሰላም አለችን። ከዚያ ቀና ብላ በትከሻችን ላይ አሻግራ ወደ መኪናዬ አየች።

«ብቻችሁን ነው የመጣችሁት?»

«ታዲያ ከማን ጋር እንድንመጣ ፈልገሽ ነበር?» አሉ ሻምበል ቆጣ ብለው። አባቷ ጓሮ እንደሆኑና «ዛሬ ወደ ቤት አልገባም» እንዳሉ ነገረችን፤ በኩሽናው በኩል አሳለፈችን።

ግራዝማች ሲባል ካባ የጠበቅሁ እኔ ነኝ ሞኙ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ፂም ያላቸው ሰው፣ ክርኑ የነጣ ሰማያዊ የሠራተኛ ጃኬት ለብሰው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። ሲዞሩ ሻምበል ተረከዛቸውን ገጭ አደረጉ። ማን ቀድሞ ዝቅ ይበል? ግራዝማችነት የንጉሥ ሹመት ነው፤ ሻምበልነት የጦር። መንገዱን ሙሉ የተከራከርንበት ነገር ነበር። ግራዝማች ግን ማንንም ሳይጠብቁ ዝቅ ብለው እጅ ነሱን፤ ሻምበልም ተሸነፉና ከሳቸው በላይ ዝቅ አሉ።

ሻምበል ነጠላቸውን አደግድገው ጀመሩ። «እንግዲህ ግራዝማች፣ እግራችን ያለ ምክንያት ወደዚህ አላመራም። የመጣንበትን ተናግረን ካልተሰማን በቀር አንቀመጥም።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ ሻምበል» አሉ። «ዛሬ ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ምነው! ማን ዐረፈ?»

በእጃቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱን።

ከጀርባ ያለው የሱቆች ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚያይ። ግራዝማች በጓሯቸው ስፋት ልክ ነጭ ጀሶ ለስነውታል። እዚያ ላይ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ተጣብቆ የነበረው ዛፍ አሁን ወደ ፊት ወድቋል። ነፋሱ ቅርንጫፎቹን ይዞ ያላጋቸዋል፤ አንዱ ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል። አበባ ላይ ነበር ለካ። ሮዝ አበባው በሙሉ መሬት ላይ ረግፎ በጭቃ ተለውሷል። አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ።

«ሞንትሮይን ታውቋታላችሁ?» አሉን።

«እንዴት አናውቅም!» አሉ ሻምበል። «እርስዎ የሠሩበት ኤምባሲ የነበረበት…»

«ኤምባሲ የለባትም። እኔም ኤምባሲ ሠርቼ አላውቅም። ሰዎች አሉልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።» ፈገግ አሉ። «የእርሻ ሚኒስቴር ነው ለትምህርት የላከኝ፤ አብዮቱ መጣና ደመወዙም ፓስፖርቱም ቀረ። ግራዝማች ነኝ ብል አንድ ዳቦ የሚሰጠኝ አልነበረም። ያኔ አንድ ሰው፣ ‹በምሥራቅ በኩል ሜትሮው የሚያልቅባት የሠራተኛ ከተማ አለች፤ ከየት መጣህ ብላ አታስጨንቅም› አለኝ። ሄድኩ። ሙሴ ፌርናን፣ በእኛ አቶ ፌርናን ማለት ነው፣ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ግድግዳ ሲለስን አገኘሁት። ምንም ሳይጠይቀኝ ባልዲውን አቀበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞንትሮይ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ።»

ሻምበል ወደ እኔ ገልመጥ አሉ። የግራዝማች አፍ ይኼን ማውጣቱ አስደነገጣቸው። ሰውየው ግን ሲናገሩት የሚያፍሩ አይመስሉም፤ እንዲያውም ጀርባቸው ቀና አለ።

«ከተማዋ ግድግዳ ናት» አሉ። «የቤት ግድግዳ አይምሰላችሁ። ሜዳ ላይ የቆመ፣ ጣራ የሌለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግድግዳ፤ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ። በደጉ ዘመን ቢቀጣጠል ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር ይላሉ። ጀሶውን ከገዛ መሬታቸው ቆፍረው ነው ያወጡት። ለምን ይመስላችኋል? ኮክ የሙቅ አገር ፍሬ ነው፤ የፓሪስ ብርድ ይፈጀዋል። የሞንትሮይ ሰዎች ፀሐይን በግድግዳ አጠመዷት! ቀን ጀሶው ሙቀቷን ይጠጣል፤ ማታ ለዛፉ ይመልስለታል። ውጪ ውርጭ ሆኖ ግድግዳው ሥር እጅህን ብትሰድ ይሞቅሃል።»

«ወይ ጉድ!» አልኩ ሳላስበው።

«ገና ምን ሰማህ! ኮካቸው ከንጉሥ ገበታ አይጠፋም ነበር። ሩሲያ ድረስ ይላካል። ሴቶቹ ጠጉሩን በብሩሽ ይጠርጉለት ነበር፤ የንጉሥ ጉሮሮ እንዳይከረክር። ደግሞ እዛፉ ላይ እያለ መልክ የተቆረጠበት ወረቀት ይለጥፉበታል፤ ፀሐይ ሌላውን ስታቀላው የተሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሩሲያው ንጉሥ የገዛ ፊቱን ኮክ ላይ አየ! ጥበብ እኮ ነው ሻምበል፤ ገበሬ ነው ይኼን የሠራው።»

በርናባስ አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ቀረበ። «ሚስማሩስ?» አለ በቀጭን ድምፅ። «ሚስማሩ… ለምንድን ነው?»

ከመጣን ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ እውነተኛ ጥያቄ ይኼ ነው።

«ቅርንጫፉ ከግድግዳው መጣበቅ አለበታ! አለዚያ ሙቀቱ አይደርሰውም። በሽቦ ቢታሰር ይቆርጠዋል፤ ገመድ ያንቀዋል። ስለዚህ ከልብስ ሰፊው፣ ከአሮጌ ልብስ ገበያው ብጣሽ ጨርቅ ያመጣሉ። ቅርንጫፉን በጨርቁ ታቅፈውና የጨርቁን ጫፍ በሚስማር ግድግዳው ላይ ትመታዋለህ። ቅርንጫፉ ሚስማር አይነካውም። ሦስት መቶ ዓመት የሞንትሮይ ሴቶች በብርድ መሰላል ላይ ቆመው ይኼን ሲያደርጉ ኖረዋል። እኔ ለልጆቻችሁ ላሳይ ብዬ እዚህ ተከልኩት፤ ግን የሚመጣ ልጅ አላገኘሁም።»

በርናባስ ፊቱ አመድ መሰለ። ሻምበል ጫማዬን በከዘራቸው ተጫኑት፤ ዝም በል ማለታቸው ነው።

ግራዝማች ቀጠሉ። በኋላ ባቡር ከደቡብ ርካሽ ኮክ አምጥቶ የሞንትሮይን ገበያ እንደገደለው፣ ግድግዳው እየፈረሰ ፋብሪካ እንደተተካበት ነገሩን። «ከተማዋ ግን ሰው መቀበሉን አልተወችም። ጣሊያኑን፣ ከስፔን የሸሸውን፣ የማሊውን። ማሊዎቹ አንድ ሕንፃ ሞልተው አንድ ድስት ይበላሉ፤ ባለፍክ ቁጥር ና ብላ ይሉሃል። ሚስቴ የሞተችው እዚያ ነው፤ ሆሣዕና ገና ትድህ ነበር። የሚፈታላት ካህን የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። ሬሳዋን የተሸከሙልኝ ማሊዎቹና ሙሴ ፌርናን ናቸው። እነሱ እስላም፣ እሱ ኮሚኒስት። ‹ምን እናድርግልህ?› አሉኝ። ‹ዝም ብላችሁ ቁሙልኝ› አልኳቸው። ቆሙልኝ። ዝናብ እየዘነበባቸው እስኪበቃኝ ድረስ ቆሙልኝ።»

ዓይናቸውን በጃኬታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«የእናቷን ቀሚስ ቀድጄ ለዛፉ ያደረግሁት ያኔ ነው። ሙሴ ፌርናን ‹ጥጡ ለስላሳ ነው፤ ቅርንጫፍ አይጎዳም› አለኝ። ወደዚህ አገር ስመጣ ነቅዬ አመጣሁት፤ ጥለቱም አብሮ። ዛሬ ጠዋት ብነሳ አንድም የለም። የሰፈር ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። ልጅ ምን ይባላል? ግን ልጅ ጨርቅ ምን ያደርግለታል?»

እኔ ትራንኬ ውስጥ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ እያሰብኩ የመኪናዬን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩ።

ከዚያ ግራዝማች ያላሰብነውን ነገር አደረጉ። ሻምበልን በክንዳቸው ያዟቸው። «በፊት የመጡት ሰዎች ስለ ዘሬና ስለ ርስቴ ጠየቁኝ። እናንተ ቆማችሁ ግድግዳ ሰማችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ልጁ ሆሣዕና ነግራኛለች። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ የምታምኑትን ብቻ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እሺ ሊሉን ነው። አንድ ቃል ነው የቀረን።

«ኢሳያስ…» አሉ ሻምበል። «ኢሳያስ ጨዋ ነው። ታማኝ…» የጦር ሰው ናቸው፤ ውሸት አይሆንላቸውም። ወደ እኔ ዘወር ብለው በሹክሹክታ፣ «የሽማግሌ ሥራ ገመና መሸፈን ነው፤ አይደለም?» አሉኝ። ጥያቄ ነበር፤ ትእዛዝ አይደለም።

«ግራዝማች፣ ትንሽ ይታገሱኝ። መኪና ውስጥ የረሳሁት ነገር አለ» ብዬ ወጣሁ።

በመኪናዬ ወደ ዶናት ቤቱ ተመለስኩ፤ ኢሳያስ ሲያየኝ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ምን አሉ?» ሁሉንም ነገርኩት፤ ግድግዳውን፣ ጨርቁን፣ የሆሣዕናን እናት ቀሚስ። እየሰማ ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

«አላወቅኩም ጋሼ።»

«ማንም አላወቀም። ማንም አልጠየቀማ!»

«ዝም ብንልስ?»

«ዝም ካልን ዛሬውኑ ይሰጡሃል። አፋቸው ላይ ነው።»

«ብናገርስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በሐምሌ ይዘዋት ይሄዱ ይሆናል። ተናገርም አልልህ፣ ዝም በልም አልልህ። እህቴ ብትኖር የምትልህን አንተ ታውቃለህ።»

ብዙ አላሰበም። ኮቱን ቆልፎ ወደ መኪናው ቀደመኝ። ግራዝማች ቤት ስንደርስ ግን በበሩ አልገባም፤ ከረጢቱን ከትራንክ አውጥቶ ወደ ሕንፃው ጀርባ ዞረ። ምን ሊሠራ ነው ብዬ ተከተልኩት። አገር ቤት የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ሬክስዴል ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከሱቆቹ የጋርቤጅ ቢን አጠገብ የተጣለ ብሎኬት አገኘ። በአዲሱ ኮቱ ላይ፣ በማጅራቱ ተሸከመው። ልሥቅ ፈልጌ ነበር፤ አንገቱን ሲያጎነብስ ሳየው ተውኩት።

በጓሮው በር ሲገባ ሻምበል ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። ኢሳያስ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ ጨርቁን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ግራዝማች ብሎኬቱን አዩ፤ ከረጢቱን አዩ፤ ልጁን አዩ። «ለምን?»

«ፈራሁ። ሰው ዛፍ ያመልካሉ ይላል። ሽማግሌዎቹ አይተው እንዳይመለሱ… ሆሣዕናን እንዳላጣት።»

«እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም አባቴ።»

«ማንስ ጠየቀኝ?» ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነው። በርናባስ ሁለት እጁን አጣምሮ «እኔ ነኝ ያስፈራራሁት» አለ። «ደጃፍዎን አልረግጥም ያልኩ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።» ሻምበልም ከነጠላቸው ሥር ሆነው፣ «እኔ አበጀህ ብዬዋለሁ» አሉ። እኔ ምን ቀረኝ? «በኔ መኪና ነው የተጫነው» አልኩ።

ያኔ የኩሽናው በር ተከፈተና ሆሣዕና ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስትነቅል አይቼሃለሁ» አለችው። «በመስኮት ቆሜ፤ አንድ በአንድ።»

ኢሳያስ ከነብሎኬቱ አንገቱን ሊያቀና ሞከረ፤ አልሆነለትም። አባቷ ግን ደነገጡ። «አይተሽ ዝም አልሽኝ?»

«ዝም አልኩህ አባባ፤ ይቅር በለኝ። ልጮህ ነበር። ከዚያ ራሱ መጥቶ ይናገር እንደሆነ ልየው አልኩ። ቅርንጫፍ ቢሰበር ይቆረጣል፣ ሌላ ያወጣል፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ነገር የሚደብቀኝን ባል ግን ምን አደርገዋለሁ? ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ሲመጡ አለቀ፣ እሱን አላገባም ብዬ ነበር።» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ሻምበልም አልቅሰዋል፤ ጉንፋን ነው ቢሉም።

ግራዝማች ጎንበስ ብለው ብሎኬቱን ከልጁ ጀርባ ላይ አነሱት። «አንገትህን ከሰበርክ ማን ሊሠራልኝ ነው? ተነስ። ኮትህን አውልቅ። ነፋሱ የቀረውንም ሳይጨርሰው።»

ልጅ ልንጠይቅ የመጣን ሰዎች ሠራተኛ ሆንን። በርናባስ መሰላል ያዘ። ሻምበል ብጣሹን ከከረጢቱ አውጥተው ሱፉን ለብቻ፣ ጥጡን ለብቻ ሣሩ ላይ አሰለፉት፤ ጥለት ያለውን ሲያገኙ ሳሙትና ለሆሣዕና በሁለት እጃቸው ሰጧት። ግራዝማች የተሰነጠቀውን ቅርንጫፍ በአንድ ምት ቆርጠው ጣሉት፤ ሲቆርጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ አፋቸውን በሚስማር ሞልተው ኢሳያስን አስተማሩት። እጁን ይዘው ያሳዩታል፤ ሲሳሳት እጁን በቀስታ መታ ያደርጉታል። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አዩን፤ ሱፍና ነጠላ የለበሱ ሐበሾች ግድግዳ ላይ ጨርቅ ሲቸነክሩ። አንዲት ሴት ምን እንደምንሠራ ጠየቀችን። በርናባስ ሞንትሮይን ጠቅሶ ያስረዳት ጀመር፤ እንደሚሰብክ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

መሸት ሲል ሻምበል አልቻሉም። «ግራዝማች፣ የመጣንበት ጉዳይስ? መልሱስ?»

ግራዝማች አፋቸው በሚስማር ተሞልቷል። በመዶሻው ወደ ልጃቸው አመለከቱ።

ሻምበል ተደናገጡ። እድሜያቸውን ሙሉ ሽማግሌ ሲሆኑ ልጅቷን ራሷን ጠይቀው አያውቁም። ቢሆንም ነጠላቸውን እንደገና አደግድገው፣ ከዘራቸውን ተክለው ፊቷ ቆሙ። «እንግዲህ ልጄ፣ እግራችን ያለ ምክንያት…» ብለው ለአባት የሚባለውን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ለሷ አሉላት። እስኪጨርሱ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው።

«እሺ ብያለሁ» አለች። «የቀረኝ የአባባ ምርቃት ነው።»

ግራዝማች ሚስማሮቹን ወደ መዳፋቸው ተፉ። ኢሳያስና ሆሣዕና ጉልበታቸውን ሳሙ። «ውለዱ፣ ክበዱ። ዘመናችሁን ፍቅር ያድርግላችሁ። ተደብቃችሁ አትኑሩ» አሏቸው። እኛም አሜን አልን። አሜኑ ሳያልቅ፣ «እኔ በሐምሌ እሄዳለሁ» አሉ።

ሆሣዕና ቀና አለች። «አባባ! አንሄድም እኮ! እሺ አልኩ እኮ!»

«አንቺ አትሄጂም። ሙሴ ፌርናን አምና ሞተ፤ ግድግዳውን የሚያውቅ ሰው የለም። ይኼኛውን እናንተ ጠብቁት፤ እኔ ያኛውን ልጠብቅ።»

«ብቻህን? እዚያ ማን አለህ?»

«እናትሽ አለች» አሏት፤ ሚስማሮቹንም መልሰው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።